ሎሪስ ነው የተባለው ጉቶ

ሰኞ ጧት ታፈሱ ጋልማ ፊቷን ታጥባ ሳትጨርስ፣ የቤቱ ቆጣሪ መሣሪያ እንደ ወትሮው ከጣሪያው ላይ ሆኖ ቆጠራውን አሰማ።

“እንደምን አደሩ። ዛሬ በዚህ ቤት የሚተነፍሱ፦ ሰው አንድ፣ ዶሮ ሦስት፣ እንሽላሊት አሥራ አንድ፣ ሎሪስ አንድ። መልካም ቀን።”

ታፈሱ ፎጣውን ፊቷ ላይ እንደያዘች ቀጥ አለች። የዶሮው ቁጥር ልክ ነው። እንሽላሊቶቹን ቆጥራቸው ባታውቅም ትክክል ይሆናል ብላ ታምናለች። ሎሪስ የሚባል ነገር ግን በስልሳ አንድ ዓመት ዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። እስከ ትናንት በዚያ ቦታ የሚባለው “ዝርያው በመጣራት ላይ ያለ አንድ” ነበር።

“ምን ነው ያልሽው?” አለችው ቆጣሪውን።

“ሎሪስ አንድ” አለ ቆጣሪው፣ በራሷ በታፈሱ ድምፅ።

ይህ የድምፅ ነገር እንግዳ ሰውን ግር ይለዋል። ለአርባ ምንጭ ሰው ግን የቆየ ጉዳይ ነው። ታፈሱ የሠላሳ ዓመት ሴት ሳለች፣ የከተማው አውቶቡሶች ፌርማታ የሚጠራላቸው ድምፅ ሲያስፈልጋቸው እሷ ተመረጠች። ሦስት ቀን ሙሉ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አንድ ወፍራም የቃላት መጽሐፍ ከሀ እስከ ፐ አነበበች። ያስነበባት ድርጅት ከስሞ ባለቤቶቹም ተበታተኑ፤ ድምፁ ግን ቀረ። ከአውቶቡስ ወደ አሳንሰር፣ ከአሳንሰር ወደ ጤና ጣቢያ በር፣ ከዚያም ወደ መሥሪያ ቤት መስኮት ሁሉ ተዛመተ። አሁን በ2079 ዓመተ ምሕረት፣ በደቡብ አገር “ሰልፍዎን ይጠብቁ” የሚባል ሰው ሁሉ የሚባለው በታፈሱ ድምፅ ነው። ገበያ ሄዳ የሽንኩርት ዋጋ ስትጠይቅ፣ አጠገቧ ያሉ ሰዎች ሳይታወቃቸው ተሰልፈው ትታዘባለች።

ከሁሉም ጋር ተላምዳለች። አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም፤ በራሷ አፍ “አይቻልም” መባል።

እኩለ ቀን ሲሆን ቆጣሪው እንደገና ተናገረ።

“ውድ ነዋሪ፣ ከሕያዋን መዝገብ የተላከ መልእክት። በቤትዎ ሎሪስ ተገኝቷል። ሎሪስ የአገራችን አውሬ አይደለም፤ መጤ ነው። መርዛማም ነው። ቅዳሜ ጧት ተወስዶ ወደ አገሩ፣ ወደ ጃቫ ደሴት ይላካል። ቤቱ ለዘጠና ቀን ይታሸጋል። ለእርስዎ ሐዋሳ በሚገኘው የጋራ ማረፊያ አልጋ ተይዞልዎታል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።”

“እናመሰግናለን” የሚለውን የቀዳችበትን ቀን ታፈሱ ታስታውሰዋለች። ጉንፋን ይዟት ነበር። አሁንም መጨረሻው ላይ ትንሽ ሻከር ይላል።

ቀና ብላ ወደ ቁም ሣጥኑ አናት አየች። እዚያ፣ በአሮጌ ባርኔጣ ውስጥ፣ ጃቫ ሊላክ የተወሰነበት ፍጥረት ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ስሙ ጉቶ ነው። ጋላጎ ነው፤ ከጦጣ ያነሰ፣ ከአይጥ የተለቀ፣ ዐይኑ ከፊቱ የሚበልጥ፣ ቀን ተኝቶ ሲመሽ የሚነሣ ፍጥረት። በከተማው ግርጌ ያለው ደን ውስጥ ወገኖቹ ሞልተዋል። ከዛፍ ዛፍ እንደ ኳስ ይነጥራሉ፤ ሲጮኹ ሕፃን ያለቀሰ ይመስላሉ። ጉቶም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ ሲነጥር በመስኮት ገብቶ፣ ሲወጣ የብረቱ በር ጅራቱን ከሥሩ ቆረጠው። ታፈሱ ቁስሉን አጥባ አሰረችለት። በሦስተኛው ቀን ከመደርደሪያ ወደ ጠረጴዛ ልዝለል ብሎ ሚዛኑን ስቶ ወደቀ፤ እግሩን ተጎድቶ አራት ቀን ሙሉ እህል ሳይቀምስ ተኛ። እሷም ያን ጊዜ ባሏን ከቀበረች ዓመት ከመንፈቅ ቢሆናት ነው። ሌላ ነገር ሲሞትባት ማየት አልፈለገችም። ቀርከሃ አስመጥታ ከቁም ሣጥን ወደ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ መስኮት በየአቅጣጫው አጋደመችለት።

ከዚያ ወዲህ ጉቶ ዘሎ አያውቅም። ቀርከሃውን በአራት እጁ ጨብጦ፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ይራመዳል። ማንጎ ይበላል፤ ሙዝ ይበላል፤ የግራር ሙጫ ይልሳል። በሁለት ዓመት ውስጥ የበሰለ አቮካዶ አክሏል።

ማክሰኞ ጧት ታፈሱ ሕያዋን መዝገብ የተባለው መሥሪያ ቤት ሄደች። የሚያስተናግድ ሰው የለበትም፤ የሚናገሩ ስምንት መስኮቶች ብቻ አሉ።

“ጉዳይዎን ይናገሩ” አለ ሦስተኛው መስኮት።

“ቤቴ ያለው ሎሪስ አይደለም። ጋላጎ ነው። እዚሁ ደኑ ውስጥ የተወለደ ያገር ልጅ ነው።”

“ጋላጎ ረጅም ጅራት አለው። የእርስዎ ነዋሪ ጅራት የለውም። ጋላጎ ይዘላል። የእርስዎ ነዋሪ በሃያ አራት ወር አንድም ጊዜ አልዘለለም። ጋላጎ ጆሮው ትልቅ ነው። የነዋሪው ጆሮ ትንሽ ነው። ሦስቱም መለያዎች አልተሟሉም። ሎሪስ ነው።”

“ጅራቱን እኮ በር ቆርጦበት ነው! ጆሮውንም ሲተኛ እንደ ማራገቢያ ያጥፈዋል። ቀን ቀን ተኝቶ እያያችሁት ትንሽ ነው ትሉኛላችሁ?”

“ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን።”

“በኔ አፍ አታመስግኚኝ!”

“እባክዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።”

“ድምፄንማ ወስዳችሁታል! ምኑን ነው ዝቅ የማደርገው?”

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቅ ሰውዬ አንዲት ሴት ከራሷ ጋር ስትጣላ ትንሽ ካዳመጠ በኋላ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ቀስ ብሎ ወጣ።

ታፈሱ መስታወቱ ላይ እጇን አሳረፈች። ስትመጣ ያላሰበችውን ነገር ያን ጊዜ ተናገረች።

“በሰው ዐይን ይታይልኝ።”

መስኮቱ ለአፍታ ዝም አለ። መስኮት ዝም ሲል ሰምታ አታውቅም።

“አንድ ዜጋ ጉዳዩ በሰው ዐይን እንዲታይለት የመጠየቅ መብት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አለው። ለሕመም፣ ለፍርድ ወይም ለውርስ እንዲያቆዩት ይመከራል። እርግጠኛ ነዎት?”

“ነኝ።”

“እርግጠኛ ነዎት?”

“ነኝ አልኩ።”

“እርግጠኛ ነዎት?”

በራሷ ድምፅ ሦስት ጊዜ ስትጠየቅ፣ ሦስተኛው ላይ ልቧ ትንሽ ጠረጠረ። ቢሆንም “አዎ” አለች።

“ዓርብ ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ሰው ይመጣል። ሰውዬው በዐይኑ ያየው ብቻ ይመዘገባል። ከሦስቱ መለያዎች ሁለቱ ከተገኙ ውሳኔው ይሻራል።”

የአጥር ጎረቤቷ አቶ ማዳልቾ ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ የአውቶቡስ ሞተር ሲጠግኑ ኖረዋል፤ ታፈሱን ከሰው ይልቅ ከፌርማታ ያውቋታል።

“ለጦጣ?” አሉ። “አንዱን የሰው ዐይንሽን ለጦጣ?”

“ጦጣ አይደለም። ጋላጎ ነው።”

“ነገ ልብሽን ቢያምሽ ማን ሊያይሽ ነው? ያ መስኮት? እኔ የራሴን ለጉበቴ አስቀምጬዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልነካሁትም!”

“ጉበትዎን ያምዎታል እንዴ?”

“አያመኝም። ሲያመኝ ነዋ!”

ታፈሱ ለዶሮዎቹ እህል በተነች። እሳቸውም አጥሩን ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ተመላለሱበት፤ ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

“ጆሮው ቀላል ነው፤ ሲነቃ ይዘረጋዋል” አሉ። “ጅራቱን ተይው። ስለዚህ መዝለል አለበት። በሦስት ቀን ውስጥ እናስዘልለዋለን።”

በዚያው ዕለት ማንጎውና ሙዙ ተከለከለ። አመሻሹ ላይ ጉቶ ነቅቶ ባዶ ሳህኑን አየ። ከዚያ ታፈሱን አየ። ጋላጎ ዐይኑን ወደ ጎን ማዞር ስለማይችል አንገቱን አዙሮ ነው የሚያየው፤ ፊቱ በሙሉ ዐይን ሆኖ ሲዞር መቋቋም ከባድ ነው። ታፈሱ ግማሽ ሙዝ ሰጠችው። አቶ ማዳልቾ ዘወር ሲሉ ሌላውን ግማሽ ጨመረችለት።

ረቡዕ አመሻሹ ላይ አቶ ማዳልቾ “እንዴት እንደሚዘለል ረስቶ ይሆናል፤ እናሳየው” አሉ። ጫማቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ወጡና፣ ጉቶ ቀርከሃው ላይ ሆኖ እያያቸው፣ ወደ አልጋው ዘለሉ። አልጋው ጮኸ። እሳቸውም ጮኹ። ጉቶ እጁ ላይ ሽንቱን ሸና፣ መዳፎቹን ከእግሮቹ ጋር አሻሸ፤ ወገኖቹ ቅርንጫፍ እንዳያንሸራትታቸው የሚያደርጉት ልማድ ነው ይባላል። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ።

“አየኝ! አየኝ! እንደገና ልዝለል” አሉ አቶ ማዳልቾ።

አራት ጊዜ ዘለሉ። በአምስተኛው ቆጣሪው ተናገረ።

“ማሳሰቢያ። በዚህ ቤት አንድ ዘላይ ታይቷል። ዝርያው በመጣራት ላይ ነው።”

አቶ ማዳልቾ አልጋው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እስኪሄዱ ድረስ አልተንቀሳቀሱም።

ሐሙስ ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው፣ ወደ ውስጥ ሳይገቡ፣ ያሰቡትን ተናገሩ።

“ታፈሱ፣ ቀርከሃዎቹን ንቀያቸው።”

“አይሆንም።”

“መንገድ እያለው ለምን ይዘላል? እኔም መንገድ እያለኝ አልዘልም።”

“ይወድቃል” አለች። “አንዴ ወድቆ አይቼዋለሁ። አራት ቀን ነው የተኛው። እርስዎ አላዩትም።”

አቶ ማዳልቾ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያን ቀን ዝላይም አልነበረም።

ዓርብ አሥራ አንድ ተኩል ሲል በሩ ተንኳኳ። የሰው ዐይን ተብሎ የተላከው አቶ ልሳነወርቅ የሚባል፣ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ረዘም ያለ ጎባጣ ሰው ነው። ክራቫት አስሯል፤ አፍንጫው ቀልቷል፤ ብብቱ ሥር የወረቀት ቅጽ ይዟል።

“ይግቡ። እባክዎ ይቀመጡ” አለች ታፈሱ።

ሰውዬው ወንበር ሳይፈልግ፣ ቆሞበት የነበረው ደፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ደንግጦ ተነሣ።

“ይቅርታ… ድምፅዎ… መሥሪያ ቤታችን ነዎት?”

“ድምፄ ብቻ ነው” አለች።

“በየቀኑ ጧት ‘አቶ ልሳነወርቅ፣ ዘግይተዋል’ የሚሉኝ እርስዎ ነዎት?”

“አላወቅሁም ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“ኧረ ግድ የለም” አለና ክራቫቱን አስተካከለ። “እውነትም ዘግይቼ ነው።”

አቶ ማዳልቾ ከጥግ ሆነው አንገታቸውን ነቀነቁ። ጉቶ ባርኔጣው ውስጥ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ሰውዬው ቅጹን ዘርግቶ ማንበብ ያዘ።

“አንደኛ። አፍንጫው እርጥብ ነው?”

ታፈሱ ጉቶን ከነባርኔጣው አውርዳ አቀረበችለት። አቶ ልሳነወርቅ ጣቱን ዘርግቶ ነካ።

“እርጥብ ነው። ጥሩ። የሎሪስም የጋላጎም አፍንጫ እርጥብ ነው፤ አይጠቅመንም።” ጻፈ። “ሁለተኛ። የታች ጥርሶቹ እንደ ማበጠሪያ ወደፊት የወጡ ናቸው?”

“ጸጉሩን የሚያበጥርባቸው? አዎ።”

“ይህም የሁለቱም ነው። ሦስተኛ። የኋላ እግሩ ሁለተኛ ጣት ላይ ከሌሎቹ ጥፍሮች የተለየ፣ ገላውን የሚያክበት ሹል ጥፍር አለው? … አለ። ሁለቱም አላቸው።”

“ታዲያ ለምን ይጠይቃል?” አሉ አቶ ማዳልቾ።

“ዘመዳሞች ስለሆኑ ነው” አለ ሰውዬው፤ ድምፁ ሞቅ አለ። “ሎሪሶቹ እስያ ናቸው፤ ፖቶ የሚባለው የቅርብ ዘመዳቸው ግን እዚሁ አፍሪካ ነው፤ ጋላጎዎች ሌላ ቤተሰብ ናቸው። አንዱ ወገን ቀስ ብሎ መራመድን መረጠ፤ አንዱ መዝለልን። ከዚያ በቀር ወንድማማች ይበሏቸው።” ቀና ሲል ሁለቱም እያዩት ነው። “አንብቤ ነው። በሕይወት ያለ አንድም አይቼ አላውቅም።”

እንዲህ እያለ ጉቶ መዳፉ ላይ ሸና፤ አሻሸ፤ ከዚያ በእርጥብ እጁ ቅጹን ያዘ።

“ሰባተኛ” አለ አቶ ልሳነወርቅ ወረቀቱን እያየ፣ “በሽንት እጁን ይታጠባል። አዎ። ሁለቱም።”

ታፈሱ የጉቶን እጅ ከወረቀቱ አላቀቀች። ያን ጊዜ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን ቆጠረ፤ ፊቱ በራ።

“ሎሪስ አመልካች ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ጉቶ ሆኖ ነው የቀረው። የዚህ ግን ሙሉ ነው። ይኸው! ይህ ጋላጎ ነው። ምንም ጥርጥር የለውም።”

“ተመስገን!” አለች ታፈሱ። “ይጻፉታ።”

አቶ ልሳነወርቅ ቅጹን ገለበጠ። መልሶ ገለበጠ።

“ቅጹ ስለ ጣት አይጠይቅም” አለ።

 አቶ ማዳልቾ ቅጹን ተቀብለው ራሳቸው ገለበጡት።

ጆሮው ብዙ አላስቸገረም። ሰውዬው መሐረብ ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲያስገባ፣ አንድ የከረሜላ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ጉቶ ፌንጣ የሰማ መስሎት ታጥፈው የነበሩትን ጆሮዎቹን ዘረጋ፤ ሁለቱ ተደምረው ራሱን አከሉ። አቶ ልሳነወርቅ “ትልቅ” ብሎ ጻፈ። አንዱ መለያ ተገኘ።

ዝላዩ ቀረ። ታፈሱ ጉቶን ቁም ሣጥኑ ላይ መለሰችው። ሦስቱም ጠበቁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ጉቶ በቀርከሃው ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ አንዱን እጅ አንሥቶ ሌላውን እያስቀደመ፣ ቀስ፣ ቀስ። ከመደርደሪያው ወደ አልጋው ወረደ። ከአልጋው የመጨረሻውን ቀርከሃ ይዞ መስኮቱ ላይ ወጣና ተቀመጠ። ማታ ማታ እዚያ ተቀምጦ ውጭ ያለውን የማንጎ ዛፍ ማየት ልማዱ ነው። ከዛፉ ላይ ወገኖቹ ይጮኻሉ፤ እሱ ጆሮውን ብቻ ያዞራል።

“ይኼ አረማመድ…” አለ አቶ ልሳነወርቅ በዝግታ፣ “ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሎሪስ ነው።”

አሥራ ሁለት ከሩብ። ዛፉ ላይ አንዱ እንደ ሕፃን ጮኸ። ጉቶ ወደፊት ተንጠራራ። እግሮቹ ከሥሩ ተሰበሰቡ።  ጉቶ ግን እንደገና ተመልሶ ተቀመጠና ዞሮ የቀርከሃውን ጫፍ ያዘ። ወደ አልጋው ሊመለስ ነው።

ታፈሱ እነዚያን ዘንጎች አንድ በአንድ ያሰረችበትን ቀን አስታወሰች። አንድም ሰው አላገዛትም። እንዳይወድቅብኝ ብላ የቤቱን አየር በሙሉ መንገድ አድርጋዋለች። የመሥሪያ ቤቱ መስኮትም ቆጣሪውም አልዋሹም፤ ሎሪስ ያደረገችው እሷ ነች።

ሄዳ ቀርከሃውን ከእጁ መንጭቃ ወሰደችው።

ጉቶ ባዶ የቀረ እጁን አየ። ከዚያ እሷን አየ። ያን አንገቱን አዙሮ፣ በዚያ ሙሉ ዐይኑ።

“አትየኝ” አለችው። “አትየኝ፤ ሂድ።”

ከኋላው ወለሉ ነው፤ ከፊቱ ሁለት ሜትር አየርና የማንጎ ቅርንጫፍ። እግሮቹን ሰበሰበ። እናም ያ አቮካዶ የሚያክል ሰውነት ድንገት ረዘመ፤ እጆቹ ተዘረጉ፤ ከመስኮቱ ተተኩሶ ወጣ።

በዚያው ቅጽበት አቶ ልሳነወርቅ አነጠሰ።

“ዘለለ!” አሉ አቶ ማዳልቾ ሁለት እጃቸውን አንሥተው። “ዘለለ! ዘለለ!”

ታፈሱ መስኮቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች አየች። መሬት ላይ ምንም የለም። ላይ ቅጠል ይወዛወዛል። አልወደቀም።

አቶ ልሳነወርቅ መሐረቡን ከፊቱ ላይ አነሣ። ባዶውን መስኮት አየ።

“አላየሁም” አለ።

“ምን ማለትዎ ነው አላየሁም?” አቶ ማዳልቾ ቀረቡት። “ዐይን ተብለው አይደል እንዴ የተላኩት? ሁለታችንም አይተናል! ይጻፉ!”

“እናንተ አይታችኋል። እኔ እያነጠስኩ ነበር።”

“ታዲያ ማን ያውቃል?”

ሰውዬው ቅጹን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። ሲናገር ድምፁ ትንሽ ነው፤ ግን አልተንቀጠቀጠም።

“አባቴ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ጽፌ አላውቅም። መሣሪያው ተሳሳተ ሲባል ነው እኔ የምጠራው። እኔም ያላየሁትን ከጻፍኩ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ማንን ይጠራል?”

ታፈሱ ተናደደች። ከዚያ ንዴቷ በረደ። ሰውዬው ልክ ነው። አንዱን መብቷን ያወጣችውም ለዚሁ ነበር።

“ስንት ደቂቃ ቀረን?” አለችው።

“አሥራ አንድ።”

“ይውጡ። ከዛፉ ሥር እንሂድ።”

ሦስቱም በጓሮ በር ወጡ። ሰማዩ ገና ቀይ ነው፤ ከዛፉ ሥር ግን ደብዘዝ ብሏል። ቀና ሲሉ መጀመሪያ ቅጠል ብቻ ታየ። ከዚያ ሁለት ዐይን። ከዚያ አሥር፣ እንደ ተለኮሰ ፍም የሚያበሩ። ዛፉ ከዳር እስከ ዳር መንቀሳቀስ ጀመረ። አንዱ ከግራ ቅርንጫፍ ወደ ቀኝ ነጠረ፤ ሌላው ከላይ ወደ ታች፤ ሦስተኛው የት እንደገባ አልታየም።

“አየሁ!” አለ አቶ ልሳነወርቅ።

“እሱ አይደለም። ጅራት አለው” አለች ታፈሱ።

“አሁንስ?”

“ያም አለው።”

አሥራ ሁለት ሃያ አምስት ሆነ። አቶ ማዳልቾ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለዩ ይሁን እየቆጠሩ አይታወቅም። አቶ ልሳነወርቅ ክራቫቱን ፈቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ቆሟል። ግንባሩ ላይ አንድ ጠብታ ወረደ። ከዚያ ሁለተኛ።

“ዝናብ ነው?” አለ።

“እጃቸውን እየታጠቡ ነው” አሉ አቶ ማዳልቾ።

ሰውዬው አልጠረገውም። ዐይኑንም ከዛፉ ላይ አልነቀለም። የዚያን ጊዜ ከበላዩ ባለው ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አንድ ወፍራም፣ ከኋላው ባዶ የሆነ ነገር ብቅ አለ። ቅርንጫፉ ከክብደቱ የተነሣ ጎበጠ። ታፈሱ አወቀችው፤ አልተናገረችም። ጉቶ ሁለት ጊዜ ተወዛወዘ፤ እግሮቹን ሰበሰበ፤ ከአቶ ልሳነወርቅ ራስ በላይ ተሻግሮ ዘለለ። አስቀያሚ ዝላይ ነበር። አየር ላይ ጎኑ ዞረ፤ ቅርንጫፉን በአንድ እጁ ብቻ ነው የያዘው፤ ትንሽ ተንጠለጠለ፤ ከዚያ ራሱን ጎትቶ ወጣ።

“አየሁ” አለ አቶ ልሳነወርቅ፤ በሹክሹክታ ነው የተናገረው።

ቅጹን ግንዱ ላይ አስደግፎ “ዘለለ” ብሎ ጻፈ፤ ሰዓቱንም ጻፈ፤ ፈረመ። አሥራ ሁለት ሃያ ስምንት።

አቶ ማዳልቾ ታፈሱን ትከሻዋን ያዙ። እሷ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ለራሷም አልገባትም። ትንሽ ቆይታ ዞር ስትል ሰውዬው አሁንም ቀና ብሎ ቆሟል።

“አቶ ልሳነወርቅ፣ ቅጹን አልጨረሱም እንዴ?” አለችው።

“ቅጹንማ ጨርሻለሁ” አለ። “አሁን እያየሁ ነው።”

ቅዳሜ ጧት ማንም አልመጣም። ቤቱም አልታሸገም። ቆጣሪው በሻከረው “እናመሰግናለን” የሚያልቅ አጭር መልእክት አሰማ፤ ውሳኔው ተሽሯል። ታፈሱ መስኮቱን ሌሊቱን ሁሉ ከፍታ አድራ ነበር። ባርኔጣው ባዶ ነው። እሑድም ባዶ ነበር። ማንጎ ቆርጣ ሳህን ላይ ታስቀምጣለች፤ ጧት ጉንዳን ወርሶት ታገኘዋለች። ሰኞ ቀርከሃዎቹን በሙሉ አወረደችና ጓሮ ከመረቻቸው። ቤቱ ድንገት ሰፋባት።

“ቤቴን ከመታሸግ ላድን ብዬ ቤቴን ባዶ አደረግሁት” አለቻቸው ለአቶ ማዳልቾ በአጥሩ ላይ።

“ዘመዶቹን አገኘ” አሉ። “ዘመድ ያገኘ ሰው ትንሽ ይቆያል።”

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ልብስ እያጣጠፈች ሳለ፣ ከኋላዋ አንድ ነገር ድም አለ፤ ተከትሎ የመስታወት ድምፅ መጣ። ዞረች። ጉቶ ከመስኮት ወደ መደርደሪያው ዘሎ፣ ሦስት ብርጭቆ ወለል ላይ ጥሎ፣ አራተኛው ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ጆሮው ጫፉ ላይ ተቀዷል። አንገቱን አዙሮ አያትና፣ ከመደርደሪያው ወደ ቁም ሣጥኑ ዘለለ። በዚያው ቅጽበት ሌላ አንድ ጅራታም፣ ቀጭን፣ ታፈሱ የማታውቃት፣ በመስኮቱ ገባችና የባሏ ፎቶግራፍ ክፈፍ ላይ አረፈች።

በሳምንቱ አቶ ማዳልቾ ሊጠይቋት ሲመጡ ውሃ ስትሰጣቸው በቆርቆሮ ጣሳ ነበር።

“ብርጭቆ የለሽም?” አሉ።

“አንድ ነበረኝ። ትናንት አለቀ።”

ከጓዳ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። አቶ ማዳልቾ ከወንበራቸው ሊነሡ ሲሉ፣ ታፈሱ እጃቸውን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻቸው።

“ሳህን ነው” አለች ፈገግ ብላ። “ይጠጡ።”